የአባቱን ቮልስ ቁልፍ ለጠየቀው ወንድም

ወንድሜ፣ ከአባትህ በወረስከው ቮልስ ውስጥ አራት ቁልፍ አግኝተህ «ኦሪጅናሉ የትኛው ነው?» ብለሃል። በዚህ ጉዳይ ገንዘቤም ፀጉሬም ስላለቀ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1ኛ፦ ቁልፉ ራስ ላይ ያለው የቮልስ ምልክት አይሸውድህ። ምልክቱ ያለበት ያልተቀረጸ ቁልፍ ዛሬም አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። እኔም አንዱ ነጋዴ «የፋብሪካ ነው» ብሎ አጣብቆልኛል።

2ኛ፦ ጥርሱን ተወውና ጎኑን እይ። በቁልፉ ርዝመት የሚሄደው ቦይ ነው ዋናው። ቮልስ የተለያየ ቦይ ያላቸው ቁልፎች ነበሩት፤ በፊደል ነው የሚለዩት፤ ኤስሲ፣ ኤስጂ፣ ኤስቪ፣ ኬ እየተባለ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጥርሱ እንዴት እንደሚቆረጥ ይናገራል። የኔ ኤስጂ ነው። ይህቺን ለማወቅ ያየሁትን አበሳ ልንገርህ።

ያ «የፋብሪካ» የተባለው ቁልፍ ቦዩ አልገጥም አለ። ቁልፍ ቀራጩ «ችግር የለም» ብሎ በሞረድ ፋቀው። ገባ። ሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ሳዞረው ግማሹ እዚያው ውስጥ ቀረ። መካኒኩ ማስነሻውን በትራፓኖ በስቶ አወጣና ሌላ ገጠመልኝ። አሮጌውን እኔው በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ቁጥሩ የተመታው እሱ ላይ ነበር! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ሊብሬ» አለኝ። አየት አደረገና «የ1967 ነው» ብሎ ቁልፍ አዘዘልኝ። ሁለት ወር ጠበቅኩ፤ አልገባም። ብመልስለት «አባባ፣ መኪናውን ይቀይሩት» ብሎ ሳቀብኝ። ሊብሬው ላይ ያለው እኮ እዚህ የተመዘገበበት ዓመት ሳይሆን አይቀርም። የሻንሲ ቁጥሩን ያየ የለም! የኋላ ወንበሩን አንሳ፤ መሀል ለመሀል የሚሄደው ብረት ላይ ተመትቷል። ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ቁጥሩ 9 አሃዝ ነው፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል። የኔ 115 ብሎ ይጀምራል። የ65 ነው ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ላይም የሚሳሳት ብዙ ነው።

ያወጣኝ የበሩ እጀታ ነው። በዚያ ዘመን ቮልስ በሩም ማስነሻውም በአንድ ቁልፍ ነበር። በበሩ ጠርዝ በኩል ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ፈትቼ እጀታውን ሳብኩት። ወደ በሩ ውስጥ የሚገባው ክፍል ላይ የስንት ዓመት ቅባትና አቧራ ተጋግሯል። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ስጠርገው ፊደሉና ቁጥሩ ብቅ አሉ። ስጮህ ባለቤቴ ቤቱ የተቃጠለ መስሏት ሮጣ ወጣች። ቁጥሩን ጀርመን ላለችው የአክስቴ ልጅ ላኩላት፤ እሷም በቁጥሩ አስቀርጻ በሰው ላከችልኝ። በሩን ቅቤ እንደተቀባ ነው የሚከፍተው። ማስነሻው ግን ያው መካኒኩ የገጠመው ስለሆነ ሁለት ቁልፍ አንጠልጥዬ ነው የምዞረው።

ስለዚህ አራቱን ቁልፎች ከእጀታው ፊደል ጋር አስተያያቸው። እጀታውም በግጭት ምክንያት ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና ማስነሻውንም ሞክርበት።

3ኛው ምን ነበር? አዎ፣ ቁጥሩን ስታገኝ በደስታ ፎቶ አንስተህ እዚህ እንዳትለጥፍ። በዚያ ቁጥር ማንም ቁልፍ ያስቀርጻል።