«ብቸኛ ቁጥር» ሲባል 1 ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ «ብቸኛ ቁጥር ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ነው» ተብለን ተምረናል። 1ም ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ታዲያ ለምን ብቸኛ አይባልም? ጉድለቱ የቃሉ ነው ወይስ የትርጓሜው?

መልስ፦ የትርጓሜው ነው። «በቀር» የሚከለክለውን ይናገራል እንጂ ስንት አካፋይ መኖር እንዳለበት አይናገርም፤ 1 ሾልኮ የሚገባው በዚህ ነው። «ልክ ሁለት አካፋዮች ያሉት መቁጠሪያ ቁጥር» ብንል ክፍተቱ ይዘጋል። 7 ሁለት አሉት፤ 1ና 7። 1 ግን ያለው አንድ ብቻ ነው።

«የማይካፈል» የሚለውም «ያለ ቀሪ» ካልተጨመረበት ያሳስታል፤ 7 ለ2 ቢካፈል ሦስት ተኩል ይደርሳልና። አካፋይና ተካፋይም አይምታቱ፤ 12 ለ3 ሲካፈል ተካፋዩ 12፣ አካፋዩ 3 ነው።

1ን ማስቀረት የዘፈቀደ ውሳኔ አይደለም። 12ን በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ስንጽፍ 2 × 2 × 3 ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ካልተቆጠረ ሌላ አጻጻፍ የለውም። 1 ብቸኛ ቢባል 1 × 2 × 2 × 3፣ 1 × 1 × 2 × 2 × 3 እየተባለ ማለቂያ ይታጣል። ይህን የመሰለ ውብ ሕግ ለአንድ ቃል የዕለት ተዕለት ፍቺ ሲባል ማፍረስ አይገባም።

ከሁለት በላይ አካፋዮች ያሉትን እዚህ «ውህድ» ልበላቸው። 12 ውህድ ነው፤ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6ና 12 ናቸው። «ብቸኛ ያልሆነ ሁሉ ውህድ ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ 1 ከሁለቱም ወገን አይደለም። ብቸኛን ከጎዶሎ ማምታታትም የተለመደ ነው። 9 ጎዶሎ ሆኖ ውህድ ነው (3 × 3)፤ 2 ደግሞ ተጋማሽ ሆኖ ብቸኛ ነው፤ ከተጋማሾች መካከል ከ2 ሌላ ብቸኛ የለም።

ለመለየት ከ2 ጀምሮ በብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። 91 ብቸኛ ይመስላል፤ 2፣ 3ና 5 አያካፍሉትም፤ 7 ላይ ግን 7 × 13 ሆኖ ይገኛል። 97ን 2፣ 3፣ 5ና 7 ሁሉም ቀሪ ይተዉበታል። ቀጣዩ 11 ነው፤ 11 × 11 ደግሞ 121 ስለሆነ ከ97 ያልፋል። 97 ከራሱ ሌላ 11 ወይም ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው ጥንዱ፣ ማለትም ከእሱ ጋር ተባዝቶ 97 የሚሰጠው ቁጥር፣ ከ11 ያንስ ነበር፤ ያ ደግሞ እስካሁን በተገኘ ነበር። ስለዚህ ሙከራው እዚያ ይቆማል፤ 97 ብቸኛ ነው።