አቦሉን ጠጥቼ እነሳለሁ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄና መልስ

ዛሬ ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቴ ላይ ተለጥፏል። ውጪ መውጣት ስላላማረኝ ደብዳቤዎቻችሁን ሳነብ ዋልኩ። አንድ ልማድ አለኝ። ጥያቄውን አንብቤ ስጨርስ፣ ጠያቂው ሳያስበው ጣል ያደረጋትን ዓረፍተ ነገር ፍለጋ እንደገና እመለሳለሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «36 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ካፖርቴን ደርቤ ሳላስበው ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እሄዳለሁ። ዘበኛው ‹መምህር ይግቡ እንጂ› ሲለኝ አፍሬ እመለሳለሁ። ቤት ስውል ደግሞ ባለቤቴ ‹ከእግሬ ሥር አልጠፋ አልክ› ትለኛለች። ኪሴ ውስጥ ዛሬም ስባሪ ጠመኔ አይጠፋም። ከእንግዲህ እኔ ማን ነኝ?» (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ጠመኔውን እንዳይጥሉት። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ሒሳብ የሚያስረዳ ሰው ሆጤ ውስጥ ሥራ ይፈታል? በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰፈር አራት ልጆች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ። ከዚያ በላይ አያብዙት፤ ሌላ ትምህርት ቤት ከፍተው እንዳያርፉት።

የባለቤትዎን ነገር ግን እንደ ቀልድ አይለፉት። እርስዎ ክፍል ውስጥ በቆዩበት 36 ዓመት ቤቱ ቀን ቀን የእሳቸው ነበር። አሁን አዲስ ገቢ እርስዎ ነዎት። «የትኛው ሰዓት ላይ ብወጣልሽ ይሻልሻል?» ብለው ይጠይቋቸው። ይስቃሉ ብዬ እገምታለሁ፤ መልሱን ግን ይነግሩዎታል።

ጥያቄ፦ «ሳውዲ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ፣ የቤታችንን ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ። አሁን ቤታችን ውስጥ እንግዳ ሆንኩ። የድሮ ክፍሌ የጤፍ ጆንያ ማስቀመጫ ሆኗል። እናቴ ቡና ስታፈላ አቦሉን ጠጥቼ እነሳለሁ፤ ያልጨረስኩት ሥራ ያለ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ‹ምን ልትሠሪ አሰብሽ?› ይለኛል። ምን ልበል?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ስለ ቆርቆሮውም ስለ ጆንያውም አነበብኩ። የቆምኩት ግን አቦሉ ላይ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀንሽ የሌላ ሰው ነበር። ስትጠሪ ትነሻለሽ፣ ሳትጠሪም ትነሻለሽ። ሻንጣሽ ኮምቦልቻ ገብቷል፤ ጆሮሽ ግን ገና ማዳምን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ሆነሽ «ምን ልትሠሪ ነው?» ለሚል ሰው መልስ ከየት ይመጣል?

እኔም በትንሹ ቀምሼዋለሁ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤቴ ወጥቼ ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላም። ግን የገዛ ቤቴን በር አንኳኩቼ ነው የገባሁት። ውስጥ ማንም አልነበረም። ለብዙ ቀን ወንበር ጫፍ ላይ ነበር የምቀመጠው። የአንቺ ዘጠኝ ዓመት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ይሁንልሽ፦ ለአንድ ሳምንት በረካው እስኪወርድ ተቀመጪ። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። አቦሉ ላይ ሰው ስለ ዋጋ ያወራል፣ ቶናው ላይ ስለ ጎረቤት። በረካው ላይ ነው እናትሽ የሆዷን የምታወጣው። ጆንያውንም ያኔ አንሺባት። «እማዬ፣ ክፍሌን እፈልገዋለሁ» ማለት ውለታ መቁጠር አይደለም።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ለወንድሞችሽና ለቤቱ ያደረግሽውን ጽፈሻል፤ ስላወቅሽው ነገር አንድም መስመር የለም። ዘጠኝ ዓመት አረብኛ ስትናገሪ ኖረሻል። ለመሄድ የሚሰናዱ ስንት ልጆች ቋንቋውን ሳይዙ ነው የሚወጡት? መንገድሽ እሱ ነው አልልም። ግን ያለሽን ስትቆጥሪ ይህንንም ቁጠሪው። ያጠራቀምሽው ገንዘብ ካለም ባንክ ይቀመጥ። ባጃጅ ግዢ የሚል አጎትና ሱቅ ክፈቺ የሚል ጎረቤት መቼም አይጠፉም። ለሁሉም «እያሰብኩበት ነው» በያቸው። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ከጠናብሽ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ይህ በቡና ብቻ አይመለስም።

ጥያቄ፦ «24 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ሰፋሁ። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም። እሁድ እሁድ በጎረቤት የስፌት መኪና ለሰፈር ልጆች ዩኒፎርም ኪስ ስሰፋ ግን ሳላስበው እዘፍናለሁ። ለቅቄ የራሴን ልጀምር? እናቴ ‹ቋሚ ደመወዝ አትጣይ› ትላለች።»

መልስ፦ ዘፈንሽን ሰምቻለሁ። ግን ገና አትልቀቂ። የዩኒፎርም ሥራ ነሐሴና መስከረም ላይ ይጎርፋል። መጋቢት ላይ ምን ትበያለሽ? አንድ ደብተር ያዢና ከእሁድ ሥራሽ የገባውንና የወጣውን ለስድስት ወር ጻፊ፤ ክርና ቁልፍ ሳይቀር። እናትሽን ለማሳመን ከእኔ ምክር ይልቅ ደብተሩ ይሻላል። እሳቸውም ይወቁት፤ በጦርነቱ ጊዜ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሲቆሙ ቋሚ የተባለው ደመወዝም ቆሞ ነበር።

ስትለቂ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጪ። በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂውን ያዢ። የሥራ ልምድ ማስረጃሽንም ሳትቀበዪ እንዳትወጪ። እስከዚያው የመጪው እሁድ ሥራሽ ይኼ ይሁን፦ ከኮሌታ እስከ እጅጌ አንድ ሙሉ ሸሚዝ፣ በልክሽ። ለማንም እንዳትሸጪው።

ጥያቄ፦ «በ41 ዓመቴ ክራር ልማር ብል ይሳቅብኝ ይሆን?» (ከደሴ)

መልስ፦ ይሳቅብሃል፤ ሁለት ወር ያህል። ከዚያ የሚስቁብህ ይሰለቻሉ፣ የጣትህም ቆዳ ይጠነክራል። በስተሰሜንህ አምባሰል፣ በስተምሥራቅህ ባቲ። ቅኝቶች በስማቸው በሚጠሩ አገሮች መሐል ተቀምጠህ ፈቃድ የምትጠይቀው ማንን ነው? ብቻ ቤትህ ወደኛ ሰፈር ከሆነ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንዳትለማመድ አደራ።