«ግቢው ራሱ ይደብራል»፦ ስለ ድብርት መጠይቅ ለቀረበው ጥያቄ

ጠያቂያችን ለማስተርስ ማሟያ ጽሑፍዎ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድብርት ላይ ሊያጠኑ መሆኑን ገልጸው፣ ፒኤችኪው-9 (PHQ-9) የተባለውን የድብርት መለኪያ መጠይቅ ራስዎ ተርጉመው ቢጠቀሙ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚሁ መጠይቅ ተማሪዎችን ባነጋገርንበት ጥናት በመረጃ ሰብሳቢነት፣ ኋላም በተቆጣጣሪነት ከሠራሁት ተነሥቼ ስናገር፣ አይበቃም።

መጠይቁ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚያነሣቸው 9 ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚያዝላቸው ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ በተለምዶም 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያሻዋል። የአማርኛው ትርጉም አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ስለታተመ፣ አዲስ ከመተርጎም ከእርሱ መነሣት ይሻላል። ሆኖም ዶርም ውስጥ የሚኖር የ20 ዓመት ወጣት አማርኛው ሌላ ነው። ከጥናታችን በፊት መጠይቁን በሞከርንበት ወቅት አንዱን ተማሪ «የድብርት ስሜት ተሰምቶህ ያውቃል?» ብዬ ብጠይቀው ሳቅ ብሎ «ግቢው ራሱ ይደብራል እኮ፤ ያልደበረው ማን አለ?» አለኝ። ለእርሱ መደበር መሰልቸት ነበር። «ከፍቶህ ወይም ሆድ ብሶህ ያውቃል?» ብዬ ስደግምለት ግን ጥቂት ዝም አለና «ማታ ማታ» ብሎ መለሰ። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ተማሪዎች ጥያቄውን እያነበቡ በራሳቸው ቃል ምን እንደተረዱ ያስነግሯቸው።

ወቅቱንም ያስቡበት፤ የእንቅልፍና የድካም ጥያቄዎች በፋይናል ሰሞን፣ የምግብ ፍላጎቱ ጥያቄ ደግሞ በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ሲጠየቁ ምን እየለኩ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚከብደው 9ኛው፣ ከመኖር መሞት ይሻላል ስለሚል ወይም ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ የሚጠይቀው ነው። እኛ በመጀመሪያው ቀን ዶርም ውስጥ፣ የዶርም ጓደኞቻቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እየሰሙ ጠይቀን ሁሉም «በፍጹም» አሉን፤ በማግስቱ ባዶ መማሪያ ክፍል ለምነን አንድ በአንድ ስናነጋግር መልሱ ተለወጠ። አንዲት ተማሪ «አዎ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል» አለችኝ። ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ባስገባነው ሰነድ «ችግር ያለባቸው ወደ ሕክምና ይላካሉ» ብለን ጽፈን ነበር፤ ቀኑ ግን ቅዳሜ ስለነበር አብሬያት እስከ ተማሪዎች ክሊኒክ ብሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘነው፣ የምደውልለትም ባለሙያ አልነበረኝም። ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ቆመን ስልክ ስናጠያይቅ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። እርስዎ ተቀባዩን ባለሙያ በስም ይያዙ፣ ቅዳሜና እሑድ ማን እንደሚገኝም አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ቁጥሩም በእያንዳንዱ ጠያቂ ኪስ ይግባ።