ጥያቄና መልስ፦ መንገድ ላይ በድንገት የጠፋ መኪናና የኤሌክትሪክ ብልሽቱ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ ብልሽታቸው ሳይለካ በግምት ዕቃ የተለወጠላቸውና ከነሕመማቸው የተመለሱ ብዙ መኪኖች አይቻለሁ። ከልዩ ልዩ የጎጃም ከተሞች የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። መኪናው እንዴት እንደ ጠፋ፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን እንደ ታየና ምን ዓይነት ነዳጅ እንደሚጠቀም የጻፉልኝን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ ያለ እነዚህ ነገሮች የሚሰጥ መልስ ከጥንቆላ አይለይም።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ያለኝ የቤንዚን የቤት መኪና ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነሥቼ ወደ ደጀን ዳገቱን ስወጣ፣ ምንም ሳያንገራግር ማብሪያው እንደ ተዘጋ አምፖል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይነሣል። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጎኛል። ጋራዥ ወስጄ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎም የነዳጅ ፓምፑን ለወጡልኝ፤ ለውጥ ግን የለም።

መልስ፦ ስለ አጠፋፉ በጥንቃቄ መጻፍዎ የመልሱን ግማሽ ሰጥቶኛል። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ከመጥፋቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይንገራገራል፣ ጉልበቱ ይከዳል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ያመነታል፤ የኤሌክትሪክ ምልክት የተቋረጠበት ሞተር ግን እርስዎ እንዳሉት ድርግም ነው። በዚህ ምክንያት ፓምፑን መለወጡ የችኮላ ሥራ ነበር እላለሁ፤ ባትሪውማ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞተሩን ማስነሣት ከቻለ በምን ሊጠረጠር እንደ ቻለ አይገባኝም።

እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የክራንክ ሴንሰሩን ወይም ወደ እርሱ የሚሄደውን ሽቦ ነው። ይህ ትንሽ ዕቃ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የት ላይ እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚዞር ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገር ነው፤ ምልክቱ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ስለሚመስለው የካንዴላውን እሳትም የነዳጁን ርጭትም ባንድ ጊዜ ያቆማል። በብዙ ሴንሰሮች ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቅል ሽቦ አለ፤ ስንጥቅ ካለበት ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ከድልድዩ እስከ ደጀን አፋፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በቆላው ሙቀት፣ በዝቅተኛ ማርሽ ስለሚወጣ፣ ሞተሩ ከሌላው መንገድ ሁሉ ይልቅ የሚግልበት ቦታ ነው። ሕመሙ ሜዳው ላይ ሳይሆን እዚያ መታየቱ ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል።

ዳግመኛ ሲጠፋ መኪናውን በቅድሚያ ወደ ጥግ ያስይዙና ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ፤ ሞተር ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ስለሚከብድ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ቀልድ የለም። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ፣ መኪናው ሳይቆም ገና እየተንከባለለ ሳለ የዙር መለኪያውን መርፌ በጨረፍታ ይመልከቱ፤ ጎማው ሞተሩን እያዞረው መርፌው ወዲያው ዜሮ ላይ ከወደቀ የዙሩ ምልክት ተቋርጧል ማለት ነው። ከቆሙ በኋላ ቁልፉን ሳያስነሡ ይክፈቱና ከኋላ ወንበር በኩል ለሁለት ሰከንድ ያህል የፓምፑን ድምፅ ያዳምጡ። ከተሰማ ፓምፑ ኤሌክትሪክ እያገኘ ነው። ከዚያም ከጭስ ማውጫው ግለት እጅዎን እየጠበቁ፣ በውኃ የራሰ ጨርቅ ሴንሰሩ ላይ ያኑሩ። ግማሽ ሰዓት ይፈልግ የነበረው መኪና በአምስት ደቂቃ ከተነሣ ወንጀለኛው ተይዟል። ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ግን ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምረው በጣትዎ እየነካኩ ይፈትሹና ውጤቱን ይጻፉልኝ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ማታ ከደንበጫ ስመለስ የባትሪው ቀይ መብራት በራ። ብዙም ሳልቆይ የፊት መብራቱ እየደከመ ሄደና መኪናው ጠፋ። አዲስ ባትሪ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ፤ ቢያንስ ገና አይግዙ። ያ ቀይ መብራት የሚናገረው ስለ ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ) እየሞላ አለመሆኑን ነው። መብራቱ ከበራ በኋላ መኪናዎ የሄደው ባትሪው ውስጥ በተጠራቀመው ብቻ ነው። ሞተሩና የፊት መብራቶቹ ባንድነት 20 አምፔር ያህል ቢስቡ፣ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በወረቀት ስሌት ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያልፋል፤ ያረጀ ባትሪ ግን የዚያን ግማሽም ላይደርስ ይችላል። ሌላ ጊዜ መብራቱ ሲበራ ሬዲዮውንና ማሞቂያውን ያጥፉ፣ ሞተሩን ግን አያጥፉት፤ ካጠፉት መልሶ ለማስነሣት የሚበቃ ጉልበት ላይኖረው ይችላል። ሆኖም የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ (ቺንጋው) ተበጥሶ የውኃ ፓምፑም ቆሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ያጥፉት።

ባትሪውን በቻርጀር ካስሞሉ በኋላ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዘው ሁለት ልኬት ይውሰዱ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ12.6 ፈቀቅ የማይል ከሆነ በቅድሚያ ቺንጋውን፣ ቀጥሎ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ሶኬትና ወፍራም ሽቦ፣ በመጨረሻም የዲናሞውን ካርቦንና ቮልቱን የሚወስነውን ሬጉሌተር ያስፈትሹ። ከ15 ቮልት በላይ ካለፈም ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው።

ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል በየጋራዡ የተለመደ ነው። በድሮዎቹ መኪኖች ያልፍ የነበረ ይሆናል፤ በዛሬዎቹ ላይ ግን በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር ከኮምፒውተር እጅግ ይረክሳል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ አይነሣም። ባትሪው ስድስት ወሩ ነው፤ ሲለካም 12.5 ቮልት አለው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው እያሉኝ ነው።

መልስ፦ የእንጅባራ ብርድ የባትሪን ጉልበት መቀነሱ የታወቀ ቢሆንም፣ 12.5 ቮልት ላለው የስድስት ወር ባትሪ ሰበብ አይሆንም። ሥራ ሳይሰጡት የተለካ ባትሪ ውሸታም ነው፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲጠመዝዝ እርስዎ ይለኩ። የቴስተሩን ጫፎች ሁለቱ የባትሪው ምሰሶዎች ላይ ሲያሳርፉ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ካልወረደ፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርገው አሁንም ያስጠምዝዙ። እዚህ ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ሞተሩን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ላልቷል ወይም ዝጓል። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ብሎን ድረስ ከ0.5 ማለፍ የለበትም።

ከልምዴ እንደማውቀው ፈጣን ቀጭታ ብዙውን ጊዜ የደካማ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠንከር ብሎ ቀጭ ብሎ ዝም የሚለው ደግሞ ወደ ሞተሪኖው ያመለክታል። ምሰሶው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ኔጌቲቩን አስቀድመው ፈትተው፣ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውኃ በጥብጠው ይጠቡት፣ ብረቱ እስኪያበራም በብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ሲመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል፤ ፖዘቲቩን ሲያጠብቁ መፍቻዎ የመኪናውን አካል ቢነካ እሳት እንዳይረጭ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አውቶማቲክ መኪና ገፍቶ ማስነሣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ከሌላ ባትሪ በኬብል ያስነሡት።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የጭነት መኪናዬ ናፍጣ ነው። በቆሎ ጭኜ እየሄድኩ ጠፋ፤ ሞተሪኖው በደንብ ያዞረዋል፣ አይነሣም። ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ ታዲያ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ በፖምፓ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በሚገፋው ፓምፕ) የሚሠራ የቀድሞ ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ኤሌክትሪክ እምብዛም አይሻም፤ ብዙዎቹ ግን ፖምፓው ላይ ነዳጁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማጥፊያ ሶሌኖይድ አላቸው። ሽቦው በንዝረት ከተነቀለ ነዳጁ ይዘጋል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ረዳቱ ቁልፉን ሲከፍት እጅዎን ሶሌኖይዱ ላይ ያኑሩ፤ ጠቅ ሲል ይሰማዎታል። ዝም ካለ ሽቦውንና ፊውዙን ይዩ። ሁለት ባትሪ ተቀጣጥለው 24 ቮልት የሚሰጡበት መኪና ከሆነ ደግሞ የቤት መኪና ባትሪ ቀጥለው ለማስነሣት አይሞክሩ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ አንድ ፊውዝ በየጊዜው ይቃጠልና መኪናው ይቆማል። አንድ ሠራተኛ በፊውዙ ፋንታ ሽቦ አስገባልኝ፤ አሁን ደኅና ነው፤ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ መፍራትዎ ልክ ነው፤ ዛሬውኑ ያውጡት። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በተለመዱት ባለ ሁለት ምላስ ፊውዞች ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር ስለሆኑ፣ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይጨመርበት ይመለስ። ሽቦው ከብረት ጋር የተነካካበትን ቦታ (ሾርቱን) ለማግኘት በየጊዜው ፊውዝ ማቃጠል አያስፈልግም፤ በፊውዙ ቦታ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ ይቀጥሉ። ሾርት ካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ከዚያ የመስመሩን ሶኬቶች አንድ በአንድ እየነቀሉ ይሂዱ፤ አምፖሉ የጠፋበት ወይም የፈዘዘበት ሶኬት ወደ ጥፋቱ ይመራዎታል። መኪናው ከጤፍ ጎተራ አጠገብ የሚያድር ከሆነ ከኮፈኑ ሥር የአይጥ ጥርስ ይፈልጉ። ከአንድ ሚኒባስ ሞተር ላይ ሙሉ የአይጥ ጎጆ ከነግልገሎቹ አውጥቻለሁ።

ጥያቄ (ከደጀን፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። መርፌው ወዲያው ወደቀ፤ ፓምፑም ይሰማል። ጨርቁን ላኖር ስል ግን ሽቦውን ስነካው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ልባሱ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰባበረ። እዚያ ላይ ስይዘው ይነሣል፤ ስለቀው ይጠፋል።

መልስ፦ እንግዲያው ሴንሰሩን አይግዙ። የተሰባበረውን ክፍል ሁለቱም ጫፍ ላይ ጤነኛ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው ያውጡና ሙቀት በሚችል ሽቦ ይተኩት፤ መጋጠሚያውን በሊድ በይደው በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ ያልብሱት እንጂ በናስትሮ ብቻ አይጠቅልሉት፣ ናስትሮ በዚያ ግለት ይቀልጣል። ሽቦዎቹ በቀጭን የብረት መረብ የተሸፈኑ ከሆነ መረቡ የውጭ ረብሻን የሚከላከል ስለሆነ ቆርጠው አይጣሉት። ሽቦውን አንሥቶ የሚይዘው የፕላስቲክ ማቀፊያ ተሰብሮ እንደሚያገኙት እገምታለሁ፤ ወደ ጭስ ማውጫው የወደቀው በዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ እርሱን ሳይተኩ ኮፈኑን አይዝጉ። አሮጌውን የነዳጅ ፓምፕም ጋራዡ ካልጣለው ጠይቀው ይውሰዱት፤ ምንም አልነበረበትም።