«እንዴት አደራችሁ» ብቻ የሚባባሉ ጓደኞች፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የመጡት ከከተማው ዳርቻ ነው። አይገርምም። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከአራት ኪሎ ወይም ከልደታ ተነስቶ ዳር የወጣ ሰው አብሮ አደጎቹን ትቶ ነው የሄደው። ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው የተበተነበትም አለ። ቀኑ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ያልቃል፤ ማታ ለጨዋታ የሚቀረው ስልክ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ሆኑ፦ በአካል ሳንገናኝ ስለተላመድናቸው ጓደኞች።

ከቦሌ አራብሳ፦ ስድስት ሴቶች ነን። የተዋወቅነው ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚወራበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ በኋላ የራሳችንን ከፈትን። አንዷ ቶሮንቶ፣ አንዷ ቤይሩት፣ አንዷ ሐዋሳ ናት፤ ሁለቱ እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። አያት ያለችውን እንኳ በአካል አላውቃትም። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» እንባባላለን፣ የቡናችንን ፎቶ እንለጥፋለን። ልጅ አሞኛል፣ ሽንኩርት ተወደደ፣ መብራት ጠፋ፤ ወሬያችን ይኸው ነው። ባለቤቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ይሄ ጊዜ ማባከን ነው» ይለኛል። እውነት ይሄ ጓደኝነት ነው?

ነው፣ እህቴ። ያውም ጥሩ ጓደኝነት።

ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጪ ስለምን ታወራላችሁ? ከአቦል እስከ በረካ የሚወራው የሽንኩርት ዋጋና የልጅ ጉንፋን ነው። ያንን ማንም ጊዜ ማባከን አይለውም። ትንንሿ ወሬ ለትልቁ ነገር መንደርደሪያ ብቻ አይደለችም፤ ወዳጅነቱ የሚሠራው በእሷ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጅሽ እንዳሳለው የምታውቅ ሴት ናት ዛሬ «ሳሉ ተሻለው?» የምትልሽ። ይህን ለመጠየቅ በየቀኑ እዚያ መገኘት ያስፈልጋል።

ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። በቅርቡ ወደ አዲስ ቦታ የተዛወሩ ሰዎችንና አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ጠየቀ። ትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል። ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ፣ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። በጠዋትና በማታ እየቆረሳችሁ የምታወሩት ደቂቃ ሲጠራቀም ስንት እንደሚሆን ባለቤትሽ ያስበው።

ደግሞ ቤይሩት ያለችውን አስቢያት። በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ስሟን በወጉ የሚጠራት፣ በቋንቋዋ «እንዴት አደርሽ» የሚላት እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ይህንን ጊዜ ማባከን ለማለት አልደፍርም።

ባለቤትሽ ግን በአንድ ነገር ልክ ነው። ሌሊት ልጅ ቢያምሽ ሐኪም ቤት የሚያደርስሽ ከታች ያለው ጎረቤት ነው። እድሩንም ቡናውንም አትተዪ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። አያት ያለችውን ደግሞ በዚህ ቅዳሜ ሄደሽ ጠይቂያት። ከአራብሳ እኮ ሩቅ አይደለም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ዋሽንግተን ካለ ጓደኛዬ ጋር መገናኘት አቃተን። «3 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» አለኝ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጠበቅኩት። እሱ የደወለው ከተኛሁ በኋላ 4 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ለታክሲ ሰልፍ 11 ሰዓት እነሳለሁ። እሱ ደግሞ «ቀጠሮ አታከብርም» ብሎ ተቀየመኝ።

ሁለታችሁም ቀጠሮ አክብራችኋል። እሱ 3 ያለው በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ያለውን ነው። በበጋቸው ወራት ያ ሰዓት በእኛ ከምሽቱ 4 ነው። በክረምታቸው ደግሞ ከምሽቱ 5 ይሆናል።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ እኛ ሰዓታችንን አናዛውርም፤ እነሱ ያዛውራሉ። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሳሉ። ስለዚህ በእኛ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ በቀረው ጊዜ 7 ሰዓት። ቶሮንቶም እንዲሁ ናት። ጀርመን በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ትቀራለች፤ የመቀየሪያ ቀኗ ግን ከአሜሪካ ይለያል። ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ እኩል ናት። ዱባይ ሁልጊዜ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች።

የምመክርህ፦ ቀጠሮ ስትይዙ «በእኔ ሰዓት፣ ማታ» ወይም «በአንተ ሰዓት፣ ቀን» ብላችሁ ጻፉ። ስልክህ ላይ ያለው የዓለም ሰዓት ውስጥ ዋሽንግተንን ጨምር። የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ለእሱ የምሳ ሰዓት ገደማ ነው፤ አንተም ሳትተኛ፣ እሱም ከሥራ ሳይወጣ ትገናኛላችሁ። ጓደኛህ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ብሎ ይዞ ከሆነም ንገረው። በአራት ዓመት አንዴ፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን፣ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የ2016 እንቁጣጣሽ እንደዚያ ነበር።

ከጀሞ፦ ዱባይ ያለች ጓደኛዬ በዋትስአፕ ስደውልላት አታነሳም። ጽሑፍ ግን ወዲያው ትመልሳለች። ጠላችኝ እንዴ?

አልጠላችሽም። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የተገደበ ነው። ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ግን ይደርሳል። እዚያ ያሉ ሰዎች ፈቃድ ባላቸው እንደ ቦቲም ባሉ አፖች ይደዋወላሉ። የትኛውን እንደምትጠቀም ጠይቂያት። እስከዚያው ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪላት።

ከለገጣፎ፦ ፍራንክፈርት ያለች የግሩፓችን ልጅ አባቷ አዲስ አበባ አርፈዋል። ገና አልተነገራትም። ከመካከላችን አንዱ ፌስቡክ ላይ አይቶ በውስጥ ነገረን። እሷ ግን ዛሬ ጠዋትም እንደ ወትሮዋ ቀልድ ላከች። ዝም ማለቱ እንደ መዋሸት ሆነብኝ። ምን እናድርግ?

ዝም በሉ። ይህ ውሸት አይደለም።

መርዶ የሚያረዳው ቤተሰብ ነው፤ ወይም ቤተሰብ የላከው ሰው። በወጋችን ማለዳ የሚሄዱት፣ ሰብሰብ ብለው የሚሄዱት፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆንና መንገድ ላይ እንዳይሰማ ነው። ባሕር ማዶም ቢሆን ቤተሰብ ዘመድ ወይም የቤተ እምነት ወዳጅ ፈልጎ ቤቷ ድረስ ይልካል። እናንተ ግሩፑ ላይ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ልጅቷ ባቡር ውስጥ ቆማ አባቷን ታጣለች። ከዚህ የከፋ መርዶ አላውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለግሩፑ አባላት በሙሉ፣ ከእሷ በስተቀር፣ በግል ንገሩ፤ ማንም አንድ ቃል እንዳይጽፍ። ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ሰው «ልጅ አልሰማችም፣ እባክህ ለጊዜው አንሳው» በሉት። ሰው ይህን ሲሰማ እምቢ አይልም።

ቀጥሎ ቤተሰቡን ፈልጉና ወሬው ኢንተርኔት ላይ መውጣቱን ንገሯቸው። ይህን በደንብ አስምሩበት። ድሮ መርዶን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደብቆ ማቆየት ይቻል ነበር። ዛሬ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ቤተሰብ «ፈተናዋን ትጨርስ»፣ «ዓመት በዓሉ ይለፍ» እያለ ሲያዘገይ ልጅ ከማታውቀው ሰው ትሰማለች። እንዲፈጥኑ ለመምከር አትፍሩ። ፍራንክፈርት የምታውቁት ሰው ካለ ስልኩን ስጧቸው። ቀልዷን በተመለከተ፣ ሰላምታዋን መልሱ፤ ቀልዱን ግን አታራዝሙት።

ከተነገራት በኋላ ደውሉ እንጂ አትጻፉ። እንደ እምነቷ አጽናኗት። «እንዴት ሞቱ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማውራት ስትፈልግ ራሷ ትነግራችኋለች። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ዝም ብሎም ይቀመጣል። በስልክም ይቻላል፤ መስመሩን ከፍታችሁ አብራችኋት ቆዩ። ሁላችሁም በአንድ ቀን ደውላችሁ ከዚያ እንዳትጠፉ ተራ ያዙ። ከሰልስት በኋላ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። ክርስቲያን ከሆኑ አርባውን ቀን መዝግባችሁ ያዙ።

አዲስ አበባ ያላችሁት ደግሞ ለቅሶ ቤቱ ሂዱ። ድንኳኑ ውስጥ ገብታችሁ ተቀመጡ፤ «የልጃችሁ ጓደኞች ነን» በሉ። «የት ተዋወቃችሁ?» ከተባላችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እናቲቱ «ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ናት» እያለች ነው የምታለቅሰው። እናንተን ስታይ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች። ልጅቷም መምጣት ካልቻለች፣ እሷን ወክሎ የተቀመጠ ሰው እንደነበረ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም።

ከሰበታ፦ ለሦስት ዓመት የማወራው ጅማ ያለ ጓደኛዬ ትናንት ማታ በቴሌግራም «አስቸኳይ ነው፣ 8,000 ብር በቴሌብር ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» አለኝ። የላከው ቁጥር የሌላ ሰው ነው። ስደውል ይዘጋዋል።

እንዳትልክ። አካውንቱ ተወስዶበት ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛ ስልኩ ደውልለት። ካላገኘኸው በሚያውቀው ሰው በኩል ፈልገው። ድምፁን ሳትሰማ አምስት ሳንቲም አትላክ። እውነተኛ ጓደኛ ለምን ደወልክ ብሎ አይቀየምም።

እሱ ከሆነ የተዘረፈው፣ ቶሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ዲቫይስስ» ከሚለው የማያውቃቸውን ስልኮች ያስወጣ። ከዚያ የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ያብራ። አንተም ዛሬውኑ አብራ። ቴሌግራም የሚልክልህን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጥ፤ አብዛኛው ዝርፊያ የሚጀምረው «በስህተት ወዳንተ የተላከ ኮድ አለ፣ ንገረኝ» በሚል መልእክት ነው።

ከየካ አባዶ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦ የድሮ ተማሪዎቼ አሜሪካም አውስትራሊያም አሉ። ግሩፕ ከፍተው አስገቡኝ። ጣቴ ለመጻፍ ስለሚያስቸግረኝ በድምፅ እልካለሁ፤ ረዘም ይላል። ልጄ «ማንም አይሰማህም» ትለኛለች።

መምህር፣ ይላኩ። እነዚያ ተማሪዎች ግሩፑ ውስጥ ያስገቡዎት ድምፅዎን ፈልገው ነው። ረጅሙን ግን ቆራርጠው ይላኩት፤ ለማን እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ስሙን ይጥሩ። ለተወሰነ ሰው የተላከ መልእክት አይታለፍም። መጻፍ ካማረዎትም የጎግል ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ ተቀብሎ ይጽፋል፤ ልጅዎ ታስተካክልልዎት።

ከኮዬ ፈጬ፦ ስቶክሆልም ያለ ጓደኛዬ ለገና ይመጣል። አራት ዓመት አውርተናል፣ ተያይተን አናውቅም። ቤቴ ስቱዲዮ ናት፣ አራተኛ ፎቅ፤ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሆቴል ልጋብዘው እንዳልል አቅም የለኝም። አፈርኩ።

ወንድሜ፣ አራት ዓመት ስታወሩ ውኃ መጥፋቱን አልነገርከውም? ነግረኸዋል። ቤትህን ያውቀዋል። የሚመጣው ሆቴል ፍለጋ አይደለም። ለግብዣ ብለህ እንዳትበደር።

የመጀመሪያ ቀን ግን ውጭ ተገናኙ። የምታውቀው ድምፅ ከማታውቀው ፊት ሲወጣ ለጥቂት ደቂቃ ግር ይላል፤ የሚያወራው የሚጠፋበትም አለ። ይህ የመጣላት ምልክት አይደለም። ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመቀመጥ አብሮ መራመድ ይቀላል። እንጦጦ ፓርክ ውጡና ዛፉ ውስጥ ተንሸራሸሩ። በአካል ያላየኸውን ሰው መጀመሪያ ሰው በሚበዛበት ቦታ ማግኘት ለሁለታችሁም ጥንቃቄ ነው።

ከዚያ ቤትህ ጋብዘው። ቡና አስፈላ፤ ጎረቤት ጥራ። ከገና በፊት ከሆነ ይጾም እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ሽሮና በያይነቱ ካለ ምንም አይጎድልም። ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኖችህን ሙላ። የትኛው ታክሲ ኮዬ እንደሚያደርሰው፣ የት እንደሚወርድ፣ የብሎኩን ቁጥር ጽፈህ ላክለት፤ ብሎኮቹ ስለሚመሳሰሉ እንግዳ ይጠፋባቸዋል። ሁለተኛ ቀጠሮም ያኔውኑ ያዙ። ከውጭ የመጣ ሰው የመጨረሻ ሳምንቱ በዘመድና በስንብት ስለሚጨናነቅ፣ ወደዚያ አትግፉት።