ኪችኑ ይፍረስ ወይስ ይታደስ?

«ውሃ ልክ»፦ ስለ ቤት ግንባታና እድሳት የአንባቢያን ጥያቄዎች። የቀድሞው ፎርማን ጋሽ ቱንቢ ከአዳማ ይመልሳሉ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ቱንቢ። የምንኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ቤቱን ያሠሩት የባለቤቴ አባት ናቸው። የብሎኬት ቤት ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኪችኑ 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ነው። ካቢኔቱ ቡናማ ፎርማይካ የተለበጠ ችፑድ ሲሆን ሁለቱ በሮች ወልቀዋል፣ አንዱን በገመድ አስሬዋለሁ። ከሲንኩ ሥር ያለው እንጨት አብጧል። ጠዋት ቧንቧ ስከፍት መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ዝገት የቀላቀለ ነው። ምጣድና ስቶቭ አብረው ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ጓሮ አሮጌ የቆርቆሮ ማድ ቤት አለን፣ አሁን የከሰልና የጀሪካን ማስቀመጫ ሆኗል።

የጠራሁት ባለሙያ ገና በሩ ላይ ቆሞ «ይሄ ሁሉ ፈርሶ ነው የሚሠራው» አለኝ። ባለቤቴ «ቀለም ይበቃዋል» ይላል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ የሳሎኑን ግድግዳ አፍርሳችሁ ኦፕን ኪችን አድርጉት እያለች ፎቶ ትልክልኛለች። ገንዘብም አግዛለሁ ብላለች። ልጄ ሐምሌ ላይ ትመረቃለች፣ ያኔ ቤቱ እንግዳ ይሞላል። ማንን ልስማ?

ግራ የገባት፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ ልጅዎን አስተምረው ለምርቃት ስላደረሷት በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎት።

ባለሙያውም፣ ባለቤትዎም፣ እህትዎም የተናገሩት ዓይን ስለሚያየው ነገር ነው። ካቢኔቱ አርጅቷል፣ ቀለሙ ጠቁሯል፣ ፋሽኑ አልፎበታል። ይሁን። ኪችን ይፍረስ አይፍረስ የሚባለው ግን በመልኩ አይደለም። ቱቦው፣ ሽቦውና ግድግዳው ደህና ከሆኑ የአያት ኪችንም በቀለምና በአዲስ በር ይታደሳል። እነሱ ከታመሙ ደግሞ ላያቸው ላይ የሚለጠፈው ውድ ሴራሚክ ብዙ ሳይቆይ በመዶሻ ይወርዳል።

በር ላይ ቆሞ የፈረደው ባለሙያ አልገረመኝም። ሁሉን ማፍረስ ለሠራተኛ ይመቻል። የእጅ ዋጋው ከፍ ይላል፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር የማስማማት ጣጣም የለበትም። ሲንክ ሥር ሳይንበረከክ፣ አንድ ሴራሚክ እንኳ ሳያንኳኳ «ይፍረስ» ላለ ሰው ሥራውን ባይሰጡት ደስ ይለኛል።

ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ የበሮቹ መውለቅ አይደለም። የጠዋቱ ዝገት ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚገባው የብረት ቱቦ ነበር። የብረት ቱቦ ከውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱ እየተደራረበ መተላለፊያውን ያጠብበዋል፣ ኋላ ደግሞ በየመጋጠሚያው ማንጠብጠብ ይጀምራል። ውሃው ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ ቆሞ ስለሚያድር ዝገቱን ይዞ ጠዋት ይወርዳል። ከመፍረድዎ በፊት ግን የግቢውን ቧንቧም በዚያው ሰዓት ከፍተው ይዩ። እሱም ቡናማ ከሆነ ጥፋቱ የኪችኑ ላይሆን ይችላል፣ ከውጭው መስመር ወይም ከሮቶው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቱቦው የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን ይለዩ። ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም። ማታ ሁሉም ሲተኛ ቧንቧዎቹን በሙሉ ይዝጉ። ወደ ሮቶ የሚሄደውን ቫልቭም ይዝጉት፣ አለበለዚያ ሮቶው ሌሊት ሲሞላ ቆጣሪው ይቆጥርና ያሳስትዎታል። የቆጣሪውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና ያንሱ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። የኪችኑ ውሃ ከሮቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ቆጣሪው ምንም አይነግርዎትም። ያኔ ሮቶው ውስጥ ውሃው የቆመበትን ልክ ምልክት አድርገው ጠዋት ያመሳክሩ።

ያበጠው እንጨት ነገር ከዚህ ሊለይ ይችላል። ከሲንኩ ሥር ያለውን የፍሳሽ መውረጃ፣ ሲፎኑን፣ በጨርቅ አድርቀው ሲንኩን ውሃ ይሙሉት፣ ከዚያ በአንዴ ይልቀቁትና በደረቅ ሶፍት መጋጠሚያዎቹን ይዳስሱ። ሶፍቱ ከራሰ ጥፋቱ የጎማ ነው፣ በትንሽ ብር ይገላገላሉ። ችፑዱ ግን አንዴ ካበጠ አይመለስም። ቢደርቅም ቡሎን አይዝም፣ ያ ክፍል መጣል አለበት።

ወደ መብራቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ስለ ካቢኔት ቀለም ሲጨነቅ ይውልና ስለ ሽቦ አንድ ጥያቄ አይጠይቅም። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ባለ 2,000 ዋት ስቶቭ ሲጨመርበት ድምሩ 25 አምፔር ይደርሳል። የድሮ ቤት የሶኬት መስመር ይህን እንዲሸከም አልተዘረጋም። ስለዚህ ብሬከሩ ሲወርድ ሥራውን እየሠራ ነው፣ አይራገሙት። አንድ ሰው መጥቶ «ትልቅ ብሬከር ልቀይርልዎት፣ ከዚያ አይወርድም» ካለዎት ቡናውን አጠጥተው ይሸኙት። አዎ፣ አይወርድም። ግድግዳ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ግን ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም የሚነሳው እንደዚህ ነው።

መፍትሔው ለምጣዱ ከማከፋፈያው ሳጥን የራሱን መስመር መዘርጋት ነው። ሽቦው ቢያንስ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፣ ርቀቱ ከበዛ ደግሞ ባለ 6። ለሽቦው ልክ የሆነ የራሱ ብሬከር ይኑረው። የመሬት መስመሩን «ቆይቶ ይደርሳል» ብለው አይዝለሉት፣ ሊጥ የነካ እርጥብ እጅ ከምጣድ ጋር የሚውልበት ቦታ ነው።

እና ምጣዱ የግድ እቤት ውስጥ መሆን አለበት? እኔ አይመስለኝም። አዳማ ነዎት። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ያለ ምጣድም ቤቱ ይግላል። የጓሮውን ማድ ቤት ከሰሉን አስወጥተው፣ ወለሉን ሊሾ አስደርገው፣ ቆርቆሮውን ጠግነው ምጣዱን ወደዚያ ያውጡት። አዲሱ መስመር በቀጥታ ወደ ጓሮ ይሄዳል። የውስጡ ኪችን ከእንፋሎቱም ከሙቀቱም ይገላገላል፣ ቦታም ይሰፋዋል። ብሬከሩም ስቶቭና ፍሪጅ ብቻ ይቀሩታል።

ግድግዳውን በሳንቲም ያንኳኩ። ደህና የተጣበቀ ሴራሚክ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከጀርባው የለቀቀ ደግሞ ባዶ ይጮኻል። በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ይሂዱ። ከወለሉ ከፍ ብሎ ልስኑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ግድግዳው ውሃ እየጠጣ ነው፣ ምንጩ ሳይገኝ ቀለም እንዳይነካው።

አሁን ወደ እህትዎ ፎቶ። ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ኦፕን ኪችን ውስጥ የዶሮ ወጥ ቁሌት ለሰዓታት ሲቁላላ መጋረጃውና ሶፋው ለሳምንት በርበሬ ይሸታሉ። በዚያ ላይ የአዳማ ንፋስ አለ። ከከተማው ውጪ ኮረብታው ላይ ተርባይኖቹ የተተከሉት በከንቱ አይደለም፣ ሁለተኛው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መስኮትዎ የንፋሱን አፍ የሚገጥም ከሆነ የወጡ ሽታ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሳሎን ነው የሚገፋው። ከሁሉ በላይ ግን የዚያ ዘመን ብሎኬት ቤት ብዙ ጊዜ የጣሪያው እንጨት የሚያርፈው በውስጥ ግድግዳዎች ላይ ነው። ኮርኒሱ ተከፍቶ ጣሪያው የት እንዳረፈ መሐንዲስ ሳያይ፣ ማዘጋጃ ቤትም ሳይጠየቅ ያንን ግድግዳ ማንም በመዶሻ እንዳይነካው። እህትዎን ላለማስቀየም ከላዩ ሊንተል፣ ማለትም ጭነት የሚሸከም አግዳሚ፣ የገባለት አንድ ሜትር ያህል ማሳለፊያ መስኮት ማውጣት ይቻላል፣ እሱንም መሐንዲሱ ካየው በኋላ። መዝጊያ ያድርጉለት። ሳህን ያሳልፋል፣ ሽታ ይከለክላል።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። ቱቦው ብረት መሆኑ ከተረጋገጠ የሲንኩ ግድግዳ ብቻ ይፍረስ። ሌላው ይታደስ። የሲንኩ ግድግዳ ሴራሚክ ይወርዳል፣ የዛገው ቱቦ ወጥቶ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፣ በዚያው ቁፋሮ የስቶቩ ሶኬት ሽቦም ይለወጣል። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ቱቦው ውሃ ተሞልቶ በግፊት ይፈተሽ፣ አንድ ቀንና ሌሊትም ይደር። ቱቦና ሽቦው ያለፉበትን ቦታ ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሱና ያስቀምጡ። ነገ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ ሲበሱ ያመሰግኑኛል። የታችኛው ካቢኔት የሲንኩ ክፍል በአዲስ ይተካ። የላይኛው ሳጥኑ ከጠነከረና ቡሎን ከያዘ ማጠፊያና እጀታ ለውጠው፣ በሮቹን አዲስ አሠርተው ይቀጥሉበት። ፎርማይካውን መቀባት ከፈለጉ መጀመሪያ ዘይቱ በሙቅ ውሃና በላርጎ በደንብ ይልቀቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፣ ፕራይመር ይቀባ። እነዚህን የዘለለ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

ይህን ሐሳቤን የሚያስለውጡኝ ነገሮች አሉ። ከሴራሚኩ ግማሽ የሚሆነው ባዶ ከጮኸ፣ ወለሉ ከሰመጠ፣ ወይም የፍሳሽ ቱቦው ከወለሉ ሥር እየተደፈነ ውሃ ወደ ሲንኩ የሚመልስ ከሆነ ያ ባለሙያ በአጋጣሚ ትክክል ነበር ማለት ነው። ያኔ ሙሉውን አፍርሰው ይሥሩ። በዚያው የማብሰያውን ጠረጴዛ ከፍታ ለራስዎ ቁመት ያስተካክሉ። ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው፣ ግን ቆመው ሽንኩርት እየከተፉ ይለኩት።

ዋጋ አልጽፍም፣ መጽሔቱ ታትሞ እጅዎ እስኪገባ የሲሚንቶውም የሴራሚኩም ይለወጣል። ከያዙት ገንዘብ አምስተኛውን ግን አይንኩት። አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር አይጠፋም። ሠራተኛውንም በየደረጃው ይክፈሉት። ቀብዱ ለዕቃ መግዣ የሚሆን ብቻ ይሁን፣ የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ውሃው ፈሶ፣ ምጣዱና ስቶቩ አብረው በርተው ካዩ በኋላ።

ጊዜውን በተመለከተ ከፋሲካ በፊት አይጀምሩ። ያኔ ቀለም ቀቢና ግንበኛ ሁሉ በበዓል ሥራ ይወጠራል፣ የእርስዎንም ጀምሮ ሌላ ቤት ይሄዳል። ፋሲካ እንዳለፈ ውሃና ልስን ያለበትን ሥራ ያስቀድሙ። አዲስ ልስን የዘይት ቀለም ከመቀባቱ በፊት ወር ያህል መድረቅ ይፈልጋል፣ ክረምቱ ከገባ ደግሞ ይዘገያል። በግንቦት ልስኑ ካለቀ ለሐምሌ ይደርሳሉ። ሙሉውን ካፈረሱ ግን ለምርቃቱ ቃል አልገባልዎትም፣ ያንን ከክረምት በኋላ ያድርጉት።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ተከራይ ነኝ። የኪችኑ ካቢኔት ቅባት የጠጣ ነው፣ መክፈትም ያስጠላኛል። በራሴ ወጪ ላሳድሰው?

ወንደላጤው፣ ከአዳማ

መልስ

ልጄ፣ መጀመሪያ እጠበው። የሚያስጠላህ ምናልባት ቅባቱ ብቻ ነው። ቀለም ካስፈለገ ከአከራይህ ጋር ተነጋገርና ወጪው ከኪራዩ እንዲቀነስልህ በወረቀት ተፈራረሙ። የቃል ስምምነት ኪራይ የሚጨመርበት ወር ላይ ይረሳል። በራስህ ገንዘብ የምትገዛው ነቅለህ የምትወስደውን ይሁን፦ ባለ እግር መደርደሪያ፣ ጥሩ ስቶቭ፣ የሳህን ማድረቂያ። ግድግዳ ላይ የምታስለጥፈው ሴራሚክ የአከራይህ ነው።

ጥያቄ

ሐዋሳ ሐይቁ አጠገብ አዲስ ቤት ጨርሰናል። ለኪችን ካቢኔት ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) ይሻላል አሉሚኒየም? እኔና ባለቤቴ አልተስማማንም።

ከሐዋሳ

መልስ

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ትክክል ናችሁ። አሉሚኒየም ውሃ አይፈራም፣ ምስጥም አይበላውም። ግን ይንኳኳል፣ ለእኔ ደግሞ የቢሮ በር ይመስለኛል። ኤምዲኤፍ ያምራል፣ በሩም ለስላሳ ነው፣ እርጥበት ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ የሲንኩን ክፍል አሉሚኒየም አሠሩ፣ የቀረውን ኤምዲኤፍ። ከፊት የሚታየውን በር አንድ ዓይነት ካደረጋችሁት ልዩነቱን እንግዳ አያውቀውም። ሳጥኖቹ ወለሉ ላይ እንዳይቀመጡ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን የፕላስቲክ እግር ይነሱ። ኤምዲኤፉ የተቆረጠበት ጠርዝ ሁሉ መታሸግ አለበት፣ ውሃ የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው። በተለይ ለቱቦና ለሶኬት የሚበሱት ቀዳዳዎች ካቢኔቱ ከተገጠመ በኋላ ስለሚቆረጡ ይረሳሉ። ሠራተኛው ሲልከን እስኪቀባቸው ድረስ ከመካከላችሁ አንዱ አጠገቡ ይቁም።