ሚረርለስ ወይስ ኮምፓክት? ከካሜራው በፊት ሌንሱን እንይ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽንም፣ ከሥሩ የተሰጡትን መልሶችም አነበብኩ። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የምትኖሪው ሜሪላንድ ነው። በጥር ለጥምቀት ጎንደር ትሄጃለሽ፣ በዚያው የእህትሽ ሰርግ አለ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅሽም አብሮሽ ነው። እስካሁን የምታነሺው በስልክ ነው። በጀትሽ 1,000 ዶላር አካባቢ ሲሆን ምርጫሽ ሁለት ላይ ደርሷል፦ ሚረርለሱ (ሌንሱ የሚፈታና የሚቀየር) ካኖን አር 50 ከኪት ሌንሱ (አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ) ጋር፣ ወይም ኮምፓክቱ (ትንሽ፣ ሌንሱ የማይፈታ) ካኖን ጂ 7 ኤክስ ማርክ 3።

አብዛኛው ሰው "ሚረርለሱን ግዢ፣ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) ትልቅ ነው፣ በቃ" ብሎሻል። እኔ ደግሞ "በቃ" ለማለት ገና ነው ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ሰርግና ምርቃት አነሳለሁ። ለሥራ ሚረርለስ እይዛለሁ፤ ለራሴና ለቤተሰቤ ኪስ የምትገባ ኮምፓክት አለችኝ። ሁለቱን ለዓመታት ጎን ለጎን ተጠቅሜያለሁ። ሰው ካሜራን ከካሜራ ጋር ያወዳድራል። መወዳደር ያለበት ግን ካሜራው ላይ ተገጥሞ የሚውለው ሌንስ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ አይከብድም። የአር 50 ሴንሰር ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ነው፤ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር። የጂ 7 ኤክስ ባለ 1 ኢንች ይባላል፤ ስሙ ኢንች ይሁን እንጂ ልኩ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በስፋት የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እስከዚህ ድረስ መካሪዎችሽ ልክ ናቸው።

አሁን ሌንሱን እይው። ከአር 50 ጋር የሚመጣው 18-45 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንስ አፐርቸሩ (የብርሃን ቀዳዳው) ኤፍ 4.5 ላይ ይጀምራል፤ ዙም ስታደርጊ 6.3 ይደርሳል። የጂ 7 ኤክስ ሌንስ ከ1.8 ጀምሮ ዙሙ መጨረሻ ላይ እንኳ ከ2.8 አያልፍም። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። በ1.8 እና በ4.5 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ስድስት እጥፍ ነው። እንግዲህ ሚረርለሱ በሴንሰሩ ሦስት እጥፍ አተረፈ፣ በሌንሱ ስድስት እጥፍ ከሰረ። ማታ ሳሎን ውስጥ በአንድ ዓይነት የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን በሚከፈትበት ጊዜ) ብታነሺ፣ ትንሿ ካሜራ የምትሰበስበው ብርሃን የትልቁን እጥፍ ያህላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ሱቅ ቆሞ ሁለቱን ሲሞክር ግን ያየዋል።

"ከኋላ ያለው ነገር ብዥ ብሎ ፊቱ ብቻ ጎልቶ እንዲወጣ እፈልጋለሁ" ብለሻል። እሱም የሚወሰነው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ሁለቱንም ዙማቸው መጨረሻ ላይ አድርሰሽ ብትለኪው፣ የጂ 7 ኤክስ ቀዳዳ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኪት ሌንሱ 7 ብቻ ነው። በማስታወቂያው ላይ ያየሽው ያ ለስላሳ ጀርባ ከኪት ሌንስ አይወጣም። ኤፍ 1.8 የሆነውን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አር 50 ላይ ስትገጥሚ ግን ቀዳዳው ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይዘላል። ያኔ ኮምፓክቷ ተወዳዳሪ አይደለችም።

ስለዚህ ራስሽን የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው። ሁለተኛ ሌንስ ትገዣለሽ? ገዝተሽስ ይዘሽው ትወጫለሽ? ኪት ሌንሱ እንደተገጠመበት የተቀመጠ፣ አንድም ቀን ያልተፈታ ሚረርለስ በየቤቱ ስንት አይቻለሁ መሰለሽ። እንዲህ ለሚጠቀም ሰው ኮምፓክት ይሻለዋል ብዬ ያለ ይሉኝታ እናገራለሁ።

ይህ ሁሉ ግን የማታ ወሬ ነው። ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያንቺ ጉዞ ደግሞ ብዙው ቀን ነው።

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወጥተው ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ የጎንደር ፀሐይ ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ። ካህኑ ነጭ ለብሷል፣ ምእመኑ ነጭ ነጠላ አጣፍቷል፣ ፊታችን ጠይም ነው፣ በላዩ የዣንጥላው ጥላ አለ። ለካሜራ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። ነጩን ሲያይ ብርሃን በዛብኝ ብሎ ይቀንሳል፤ ፊት ይጠቁራል። ፊቱን አድን ብትይው ነጠላው ጥለቱ እስኪጠፋ ይነጣል። እንዲህ ባለ ብርሃን የሌንሱ መስፋት ፋይዳ የለውም፣ ብርሃን ሞልቷልና። የሚረዳሽ ትልቁ ሴንሰር ነው። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንስተሽ በኋላ የጠቆረውን ፊት ከፍ ስታደርጊ፣ ከአር 50 የሚወጣው ምስል ንጹሕ ነው። ከ1 ኢንቹ የሚወጣው ቶሎ ይሻክራል።

ሌላም አለ። ጂ 7 ኤክስ ማርክ 3 በዓይን ተጠግተው የሚያዩበት ቪውፋይንደር የለውም። የምታዪው ከኋላ ባለው ስክሪን ብቻ ነው። በቀትር ፀሐይ ስክሪኑ መስታወት ይሆናል፤ የራስሽን ፊት እያየሽ ነው የምታነሺው። አር 50 ቪውፋይንደር አለው። በእኔ ግምት ለጥምቀት ይህ ብቻውን ግማሽ ውሳኔ ነው።

ሌላው ግማሽ ልጅሽ ነው። የጂ 7 ኤክስ ማርክ 3 ደካማ ጎን ፎከሱ ነው። ፎከስ የሚፈልገው ወደፊት ወደኋላ እየተንቀሳቀሰ፣ ምስሉ የቱ ላይ እንደሚጠራ እየሞከረ ነው። ለቆመ ሰው ይበቃል። ለሚሮጥ ሕፃን ግን ይዘገያል። አር 50 በ2023 የወጣ ካሜራ ነው፤ ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ልጁ ዞር ብሎ ቢመለስም አይለቅም። እኔ ከሚረርለስ ጋር ያስታረቀኝ ይኸው ነው። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ፎከሱን ለካሜራው ትቼ የማስበው ስለ ፎቶው ብቻ ነው።

ኮምፓክት በግልጽ የምትበልጥበት ደግሞ መያዝ ላይ ነው። ጂ 7 ኤክስ 304 ግራም ነው። አር 50 ከኪት ሌንሱ ጋር 500 ግራም ያልፋል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ግን አንደኛው ጃኬት ኪስ ይገባል፣ ሌላኛው ቦርሳ ይፈልጋል። ልጅ የታቀፈች እናት ቦርሳ ከፍታ ካሜራ እስክታወጣ ልጁ የሚያስቀውን ነገር ጨርሶ ወደ ሌላ ሄዷል። ቡና ተፈልቶ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ኮምፓክቷ ሌላም ጥቅም አላት። እይታዋ ከ24 ሚሊ ሜትር ይጀምራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል። አር 50 በኪቱ የሚጀምረው 29 ከሚያህለው ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባሽ ግድግዳ ከነካ በኋላ ይህ ልዩነት ይሰማሻል። ሰውም ትንሽ ካሜራ ሲያይ አይደነግጥም። ትልቁን ሳወጣ "ለየትኛው ቴሌቪዥን ነው?" የሚለኝ አይጠፋም፣ አክስቶቼም ፊታቸውን ያጠነክራሉ። በትንሿ ግን እየሳቁ ይነሳሉ። (ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካሜራሽ ምንም ያህል ትነስ፣ መጀመሪያ አባቶችን ጠይቂ።)

አቧራን አትርሺ። ጥር በጋ ነው። ሚረርለስ ሌንሱ ሲፈታ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ይገባበታል ብለው አስፈራርተውሽ ይሆናል። ይገባል፤ ግን በጎማ መንፊያ እፍ ስትይው አብዛኛው ይወጣል። የኮምፓክት ሌንስ ሲከፈት ሲዘጋ አየር ይስባል፤ አቧራው አንዴ ውስጥ ከገባ ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ካልፈታው አይወጣም። የእኔዋ ኮምፓክት ሰማይ ባነሳሁ ቁጥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ታሳየኝ ነበር፤ ለማስጠረግ የከፈልኩት ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሌንስ መቀየር ካለብሽ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ቀይሪ እንጂ ሕዝብ መሐል አይደለም። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ መጥረግም ይቅር፣ ሁላችንም እናደርገዋለን ግን ይቅር። በጥምቀት ዕለት ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡ ርጭቱ ሩቅ ይደርሳል። ከሁለቱ አንዱም ውኃ የሚችል አይደለምና አንድ ላስቲክ ያዢ።

ስለ ስልክሽ አንድ ነገር ልበል። አዲስ ከሆነ፣ ቀን ላይ ከኮምፓክት ጋር ያለው ልዩነት እንደምታስቢው ሰፊ አይደለም። ኮምፓክቷ የምትጨምርልሽ እውነተኛ ዙምና ሲያጎሉት የማይበላሽ ምስል ነው። ይህም ወደ ሚረርለሱ ይገፋኛል። ገንዘብ ካወጣሽ አይቀር ስልክሽ የማይችለውን የሚሠራ ነገር ይሁን።

እንግዲህ እኔ አንቺን ብሆን አር 50ን ከኪቱ ጋር እገዛና ኤፍ 1.8 የሆነውን የካኖን አርኤፍ 50 ሚሊ ሜትር እጨምርበታለሁ። ሲወጡ ዋጋቸው 799 እና 199 ዶላር ነበር፤ አሁን የተለወጠ ነገር ካለ አጣሪ። ኪቱ ለቀን፣ 50ው ለሰርጉ ማታና ለልጅሽ ፊት። 50ው አር 50 ላይ ሲገባ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ስለሚያይ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ያስቸግራል፤ ወደኋላ መራቅ አለብሽ። እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋ ነገርም የለውም፣ ካሜራውም የለውም። ሻተሩን ከ1/125 ሰከንድ አታውርጂ፤ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ግን 3200 ይግባ፣ 6400ም ይግባ፣ አትፍሪው። ታቦቱን ከሩቅ ማንሳት ከሁሉም የሚበልጥብሽ ከሆነ፣ በ50ው ፈንታ 55-210 የሚባለውን ዙም ያዢ። ቀን ላይ ድንቅ ነው፣ ማታ ግን አይሆንም። ሁለቱንም ለመግዛት በጀቱ አይበቃም።

የኤም 50 (የካኖን ሌላ ሚረርለስ) ካሜራ ሌንስ በርካሽ እንሽጥልሽ የሚሉሽ ይኖራሉ። አር 50 ላይ አይገጥምም፣ በአስማሚም (ሌንስና ካሜራ በሚያገናኝ ቀለበት) ቢሆን። የድሮዎቹ የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች ግን በአስማሚ ይሠራሉ።

"ወንድሜ፣ ሁለተኛ ሌንስ አልይዝም፣ ራሴን አውቃለሁ" ካልሽኝ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ያኔ ኮምፓክት ግዢ፤ ብቻ ጂ 7 ኤክስን አይደለም። በ2019 ሲወጣ 749 ዶላር ነበር። ቲክቶክ ላይ ከተወደደ ወዲህ አዲሱን ማግኘት ጭንቅ ሆኗል፤ ያገለገለውን እንኳ ከመነሻ ዋጋው በላይ ሲጠይቁበት አይቻለሁ። ለዚያ ፎከስ ይህን ያህል መክፈል አይገባም። ያገለገለ ሶኒ አርኤክስ 100 ማርክ 5 ኤ ፈልጊ። ሌንሱ እንደዚያው ከ1.8 እስከ 2.8 ነው፣ ፎከሱ ፈጣን ነው፣ ብቅ የምትል ትንሽ ቪውፋይንደርም አለችው። ዙሙ ግን 70 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል፤ የውጭ ማይክ ማስገቢያም የለውም። ያገለገለ ስትገዪ ሌንሱን ደጋግመሽ ክፈቺ ዝጊ፤ የሚንጓጓ ድምፅ ካለው ተዪው። ነጭ ወረቀት ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ኤፍ 8 ላይ አንሺና ነጥብ ፈልጊ። ሜኑውንም ክፈቺ፣ ለጃፓን ገበያ የወጡት አብዛኞቹ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም።

የትኛውንም ብትገዢ፣ ከመነሳትሽ በፊት ሜኑው ውስጥ ገብተሽ ቪዲዮውን ከኤንቲኤስሲ (ከአሜሪካው አቀራረጽ) ወደ ፓል (ከእኛ መብራት ጋር ወደሚስማማው) ቀይሪው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ሳትቀይሪው የሰርጉን አዳራሽ ብትቀርጪ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ቪዲዮውን ያበላሸዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም አድርጊና ሻተሩን 1/50 ላይ አቁሚው፤ ለፎቶም መስመር መስመር ካሳየሽ 1/100 ሞክሪ። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የሶኬት ማስገቢያ ብቻ ይበቃሻል። ትርፍ ባትሪ ግን ከዚያው ገዝተሽ ነይ፣ በተለይ ኮምፓክቷን ከወሰድሽ። በካኖን ልኬት ጂ 7 ኤክስ በአንድ ቻርጅ የሚያነሳው 235 ፎቶ ነው፤ ያ ደግሞ ከተራ ላይ ቶሎ ያልቃል። ኦርጅናል ባትሪው ውድ ነው ብለሽ አትሸወጂ፤ እዚህ ፍለጋ ብትወጪ ለካሜራሽ ልክ የሚሆነውን ላታገኚ ትችያለሽ።